ከፈለጉት ገጽ ይጠይቁኝ

የምነግራችሁን ነገር ባሌ ሳይሰማው ሞቷል። ልጄም አታውቀውም። ለነፍስ አባቴ እንኳ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ስዘረዝር፣ ይችን አንዷን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። እኔም «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። አለ እንጂ! ሌላ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ለእናንተ የምነግረው ስለማላውቃችሁ ነው። ፊታችሁ ሲለዋወጥ አላይም። ከንፈር እንድትመጥጡልኝም አይደለም፤ ከንፈር የሚመጠጥላት ሌላ ናት።

ነገሩ አጭር ነው። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ሮም ውስጥ፣ አንዲት ተማሪ ልጅ በእኔ አፍ ተማምና ፈራጆች ፊት ቀረበች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እሷ «አልገለበጥኩም» አለች። እኔ «ገልብጣለች» አልኩ። ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የማወራው እንዴት እዚያ እንደ ደረስኩ ነው እንጂ፣ ጥፋቱን የሚያቀል ነገር አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሕክምና እማራለሁ፤ ኮርሱን ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፌ ብቻ ቀርቶኛል። የምኖረው መነኮሳት በሚያስተዳድሩት የሴት ተማሪዎች ቤት ነበር። ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሃል ጥቁሮቹ ስድስት ነን፤ ሁለት ከኮንጎ፣ አንዲት ከሶማሌ፣ ሦስት ከኛ አገር። ትምህርት አዳራሽ ገብተን ስንቀመጥ ግራና ቀኛችን ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል። ጽዳት ሠራተኛ መስለናቸው «ባልዲው እዚያ ነው» ያሉን ጊዜም አለ። ስቀን እናልፈዋለን። ማታ ግን ስቀን አናልፈውም ነበር።

ስለዚህ አንድ ልማድ ነበረን። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አላዘዘንም። የቆየችው አዲሷን ትቀበላለች። ኩዌስቱራ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ይዛት ሄዳ ፔርሜሶዋን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ታስወጣላታለች። ቋንቋ እስክትለምድ አፍ ትሆናታለች። አዲሷ ፈተና ስትገባ ደግሞ የቆየችው አብራ ገብታ ከኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ምንም አትሠራም፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ ዘወር ብለሽ ስታዪ የሚያውቅሽ ፊት እንዲኖር ነው። እኔ ስመጣ የሶማሌዋ ልጅ እንዲሁ ተቀምጣልኛለች። ያን ቀን ያን ፊት ባላይ ኖሮ ምላሴ አይፈታም ነበር።

ትርሲትን ያስረከቡኝ አንድ አባ ናቸው። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፤ ቢሆንም እሑድ እሑድ ግዕዝ ለመስማት ቫቲካን ውስጥ ወዳለችው ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጎራ እንል ነበር። አባ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን ይዘው መጡና እጇን እጄ ላይ አኖሩት። «የደሴ ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው። ለጊዜው አገር የላትም። አደራ» አሉኝ። እኔም «እኔ እያለሁ!» አልኩ። እንዲህ ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

አገር የላትም ያሉት ለማጋነን አልነበረም። እናቷ የጻፉላትን ደብዳቤ አሳይታኛለች። ሳንሱር ስለሚከፍተው በዘወርዋራ ነው የተጻፈው። «እዚህ ብርዱ በጣም በርትቷል። ወንድምሽን ብርዱ ወስዶታል። አንቺም ብርድ ስለማትችይ ትምህርትሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ» ይላል። ወንድሟን ማን እንደ ወሰደው ሁለታችንም ገብቶናል። እንግዲህ ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እያወቅሁ ነው።

ትርሲት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «እትዬ» እያለች በአንቱታ ትጠራኛለች፤ አንቺ በይኝ ብላት ሞቼ እገኛለሁ አለች። ጣልያንኛ አፏ ውስጥ አይዞርም። ማንበብ ግን ታነባለች። በዚያ ላይ ደግሞ እንደ እሷ ያለ ራስ በሕይወቴ አላጋጠመኝም። በልጅነቷ አባቷ ተማሪዎቻቸውን ዳዊት ሲያስጠኑ ማድ ቤት ሆና እየሰማች ብቻ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ይዛዋለች።

ታዲያ ምን ብዬ መከርኳት? «ጣልያንኛሽ እስኪጠና ድረስ መጽሐፉን ሸምድጂው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀርሽ» አልኳት። እኔም ያለፍኩት እንዲያ ነው። አገራችን የተማርነው እንዲያ ነው፤ የመምህሩን ቃል ሳያዛንፉ መመለስ ጉብዝና ነው፣ አክብሮትም ነው። ግን እኔ እዚህ ከመጣሁ አንድ ነገር ጨምሬ ተምሬያለሁ። ፈረንጅ የመጽሐፍ ቃል እንዳለ ተጽፎ ሲያይ ይጠረጥራል። ስለዚህ አንዲቱን ቃል አነሳለሁ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዞራለሁ፣ የራሴ አስመስለዋለሁ። ይችን ለትርሲት አልነገርኳትም። ረስቼው ነው? ይህን ጥያቄ ስንት ሺህ ጊዜ እንደ ጠየቅሁት! ረስቼው ነው እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አላምነኝም።

ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ እንወጣለን። የመነኮሳቱ አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እኔ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እከተላለሁ። እሷ በአንሶላዎቹ መሃል ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከወገቧ ትንሽ ወዘወዝ እያለች ትወርደዋለች። የልብ ምዕራፍ፣ የሳንባ ምዕራፍ፣ የደም ሥሮች። አንድ ቃል ስትስት ሰምቼ አላውቅም። ገጹ ሲያልቅ እርሳሷን ታነሳና ኅዳጉ ላይ አንድ ነገር ጫር ታደርጋለች። ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኋትም። እኔ ወር የፈጀብኝን ምዕራፍ እሷ በሳምንት ስትጨርሰው «ጎበዝ!» እላታለሁ። ሆዴ ግን ጎበዝ አይልም ነበር። ቅናት ነበር፤ ስሙን ጠርቼ ልገላገል።

ፈተናው መጀመሪያ በጽሑፍ ነው፤ እሱን ያለፈች ለቃል ትቀርባለች። ትርሲት ጽፋ ወጣች። እኔ ከኋላ ተቀምጬላት ነበር። በሳምንቱ ተጠራች። ፕሮፌሶሬው ወረቀቷን ከመጽሐፉ ጋር ጎን ለጎን ዘርግቶታል፤ አራት ገጽ ሙሉ አንዲት ቃል አልተዛነፈም። ደብቃ ያስገባችውን ገልብጣለች፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል አለ።

ይህ ፕሮፌሶሬ የእኔም የመመረቂያ ጽሑፍ መሪ ነበር። ስመረቅ እሱ ክፍል ውስጥ ሐኪም ሆኜ እንደምቀር ተስፋ ሰጥቶኛል። አንድ ቀንም «አንቺ እንደ ሌሎቹ አይደለሽም» ብሎኛል። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ግራሲዬ፣ አመሰግናለሁ፣ አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። ሌሎቹ ማለት እነማን እንደሆኑ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

አንድ ጠዋት ፋኩልቲው ውስጥ ጠባብ ክፍል ገባን። ፕሮፌሶሬውና አንድ ሽማግሌ መምህር ከጠረጴዛው ማዶ ናቸው። የቤታችን አለቃ መነኩሲት ጥግ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ትርሲት ስትገባ እጅ ነሳች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። ሽማግሌው መምህር ለፕሮፌሶሬው «ቀና ብላ ማየት እንኳ አልቻለችም፣ ጥፋቷን አውቃዋለች» ሲል ሰማሁ። በኛ አገር ልጅ ታላቅ ፊት ዓይኑን እንደሚሰብር፣ ንጹሑም እንደዚያው እንደሚሰብር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አልተናገርኩም።

እንዴት አድርጋ እንደገለበጠች ጠይቂያት አሉኝ። ጠየቅኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃል በቃል እንዲህ አለች፦

«እትዬ፣ አልገለበጥኩም። መጽሐፉን እነሱ ይያዙትና ከፈለጉት ገጽ ይጠይቁኝ በሉልኝ። ደግሞ እርስዎ ሰምተውኛል እኮ፤ ይንገሯቸው።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጣልያንኛው ምላሴ ላይ ነበር። ብነግራቸው ኖሮ መጽሐፉን ይከፍቱ ነበር፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትወርደው ነበር፣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ሌላ ነገር መጣብኝ። «ታዲያ አንቺም እንዲህ ነው የምታጠኚው?» ቢለኝስ? የእኔን የድሮ ወረቀቶች አውጥቶ ከመጽሐፉ ጎን ቢያስቀምጣቸውስ? እንደ ሌሎቹ ብሆንስ?

«አሎራ…» አልኩ፣ እንግዲህ እንደ ማለት ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ተጸጽታለች። ቋንቋው ከብዷት ነው። ወጣት ናት። ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ምሕረታችሁን ትለምናለች» አልኩ።

መነኩሲቷ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፕሮፌሶሬው ግን ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ነገር ፈልጓል። «ስለዚህ ገልብጣለች ማለት ነው?» አለኝ።

«ሲ» አልኩ።

አዎን ማለት ነው። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ጉሮሮዬን አልያዘኝም፣ ደርግ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ትርሲት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ለአፍታ አየችኝ፤ መልሳ ዓይኗን ጣለች። ጣልያንኛው አልገባትም ብዬ ነበር። ያን ማሰቤ ነው ከክፍሉ በሁለት እግሬ ያስወጣኝ።

ኮሪደሩ ላይ ሁለተኛውን ውሸት ዋሸኋት። «ነገርኳቸው፤ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ» አልኳት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ደከሙልኝ» አለችና ትከሻዬን ሳመችው።

ለዓመቱ ከፈተና ታገደች። የመነኮሳቱ ቤት ያላለፈች ተማሪ አያኖርም። ትምህርት ከሌለ የትምህርት ፔርሜሶ አይታደስም። ወደ አገሯ እንዳትመለስ ብርዱ አለ። በሦስተኛው ቀን ኦስቲያ በምትባለው የባሕር ዳር ሰፈር አንዲት አሮጊት እየጦረች፣ እዚያው እያደረች የምትሠራበት ቤት ተገኘላት። ከሆስፒታል ስመለስ ሄዳለች። አልጋዬ ላይ የአናቶሚ መጽሐፏን ትታልኛለች።

ገለጥኩት። በየገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ «ለእትዬ አሰማሁ» ይላል። ከሥሩ ቀኑ አለ። ገጽ በገጽ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ «ለእትዬ አሰማሁ»፣ «ለእትዬ አሰማሁ»፣ «ለእትዬ አሰማሁ»። ዘጋሁትና ከአልጋዬ ሥር ከተትኩት። ያን ጊዜም አልረፈደም ነበር። ያን መጽሐፍ ይዤ ሁለት ፌርማታ ወደ ፋኩልቲው ብሄድ ይበቃ ነበር። ለምን አልሄድኩም? ፈራሁ ብዬ እንዳልፍ አትፍቀዱልኝ። በልቼ ነበር፣ ተኝቼም ነበር፤ የፈራ ሰው እንቅልፍ ያጣል።

ተመረቅሁ። ሐኪም ሆንኩ። የሰው ደረት ላይ ማዳመጫዬን ሳኖር ልቡን ከመስማቴ በፊት እሷን እሰማታለሁ፤ የልብን ምዕራፍ ከመጀመሪያው መስመር ትጀምርልኛለች። በአንሶላ መሃል ስትመላለስ ጥላዋ ይታየኛል። እንዲህ ስላችሁ አብዳለች እንዳትሉ፤ ሥራዬን በደንብ እሠራ ነበር። ቤቴ ውስጥ ግን አንሶላ ገመድ ላይ አስጥቼ አላውቅም። ባሌ «ሰገነት እያለን ምነው?» ይለኝ ነበር። ፀሐይ ጨርቅ ያበላሻል እለዋለሁ።

ከስምንት ዓመት በኋላ አየኋት። ደርግ ገና ነበር። በጋ ነው፣ ከሆስፒታል ጓደኞቼ ጋር ኦስቲያ ባሕር ወርደናል። አንዲት ጥቁር ሴት አንዲት ነጭ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች፣ በሌላ እጇ ጥላ ይዛላት ስትመጣ አየሁ። አረማመዷን አወቅሁት። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደ ነበር ልንገራችሁ? ፎጣዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ መተኛት ነበር። ግን ቀድማ አየችኝ። ጥላውን አሸዋው ላይ ተከለችና መጥታ እጅ ነሳች። ጤናዬን ጠየቀች፣ ማግባቴን ከሰው ሰምታ ኖሮ ባሌን ጠየቀች፣ ልጄን ጠየቀች፣ የአዲስ አበባ ቤተ ዘመዶቼን አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቀች። አንዱንም አልረሳችም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አሮጊቷ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ያን ጊዜ እኮ ብዙ ጣርኩልሽ» አልኳት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳስብ ኖሬ ያወጣሁት ይኸው ነው!

ትርሲት ባሕሩን እያየች ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። ከወገቧ ትንሽ ወዘወዝ አለች። ከዚያ ባማረ ጣልያንኛ፣ በእኔ ድምፅ፣ «አሎራ…» አለች። ጉሮሮዋን እንደ እኔ ጠረገች። ተጸጽታለች። ቋንቋው ከብዷት ነው። ወጣት ናት። ይቅርታ ትጠይቃለች። ምሕረታችሁን ትለምናለች። የፕሮፌሶሬውንም ጥያቄ በእሱ ድምፅ ጠየቀች፤ መልሳ በእኔ ድምፅ መለሰች። «ሲ።» አንድ ቃል አልሳተችም።

«ገብቶሽ ነበር?» አልኳት።

«ገብቶኝ ነበር እትዬ። መናገር እንጂ መስማት መቼ አቅቶኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? መጽሐፉ…»

«መጽሐፉማ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር» አለችኝ። ታቅፋው የነበረው ቦርሳ። «ግን ባወጣው እርስዎ ምን ይሆናሉ? ፈረንጅ ፊት እትዬን ላዋርድ? እሱን አልችልበትም።» ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣ ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ደግሞም «እስከ ሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን አልዘጋሁም ነበር» አለች። «ብቻዎን ተመልሰው ሄደው ይነግሯቸዋል ብዬ። ሰው ሳያይዎ።»

ይህን ስትል አሮጊቷ ነቁና «ቴሬዛ!» ብለው ተጣሩ። እሷን ነው። ስሟ አልያዝ ብሏቸው ሌላ አውጥተውላታል። ብድግ አለች፤ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ጥላዋን ነቅላ ወንበሩን እየገፋች ሄደች። ያን ጊዜ ይቅርታ አልጠየቅኋትም። አፌ ላይ ነበር፣ ግን ጓደኞቼ ከሩቅ ያዩኛል። ሰዓቴን አይቼ ባቡር እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ። ባቡሩ በየግማሽ ሰዓቱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ፈለግኋት። አሮጊቷ ሞተዋል፤ ቤቱ ተሸጧል። ከአገራችን ልጆች አንዷ ካናዳ ሄዳለች አለችኝ፣ ሌላዋ ታማ ነበር አለችኝ። አባም አላወቁም። ደግሞ አባ ፊት ቆሜ «አደራዎ የት ደረሰች?» ብዬ ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ።

አሁን የምኖረው ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጥቁር ሴት ተማሪዎች ቤቴ ይመጣሉ፤ የኛም አሉ፣ የናይጄሪያም፣ የሴኔጋልም። ፔርሜሶ ላይ አብሬያቸው እሰለፋለሁ፣ ፈተና ሲገቡ ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጥላቸዋለሁ። ቃል እንዲለውጡም እነግራቸዋለሁ፤ እሱን ለአንዷም ረስቼ አላውቅም። ደግ ሴት ይሉኛል። ደግ አይደለሁም። ያቺ አንዲት ልጅ ዘወር ስትል ያጣችውን ፊት ለሌሎች እያሳየሁ ነው፤ እሷን አይደርሳትም።

እሑድ እነዚህ ልጆች አዳራሽ ይዘው ሊሸልሙኝ ነው። ሰሌዳ አስቀርጸዋል፤ «የተማሪ ሴቶች እናት» ይላል አሉኝ። እምቢ ብል ትሕትና መሰላቸውና ይበልጥ ወደዱኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን ሰሌዳውን ከመቀበሌ በፊት መጽሐፉን አወጣለሁ። በየኅዳጉ ያለውን አሳያቸዋለሁ። ያችን ያልተረጎምኳትን ዓረፍተ ነገር እተረጉማታለሁ፦ መጽሐፉን እናንተ ያዙት፣ ከፈለጋችሁት ገጽ ጠይቁኝ ትላለች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእሷ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። እሷ ይቅር ብላኝ ይሆናል ብዬም ራሴን አላባብልም፤ ዝም አለችልኝ እንጂ ይቅር አልኩሽ አላለችኝም። ልጆቹም እሑድ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ እውነታቸውን ነው። ብቻ ካዳራሹ አንዷ ተነስታ «ስለዚህ ገልብጣ ነበር?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። መልሷን ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ እለማመዳታለሁ። «ኖ» ናት። ያን ቀንም ቢሆን ከ«ሲ» አትረዝምም ነበር።